ክቡር ማስተካከያ

በዓለም ላይ ስብሰባ በተባለ ነገር ሁሉ አንድ ሰው አለ። ሰብሳቢው «እንግዲህ ጥያቄ ከሌለ…» ብሎ ወረቀቱን ሲሰበስብ፣ ሰዉ ወንበሩን ወደ ኋላ ሲገፋ፣ የመጨረሻው ረድፍ በሩ ጋ ሲደርስ፣ ከመሃል አንድ እጅ ብድግ ይላል። አዳራሹ ባንድ ሳንባ «ኡፍ» ይላል። በሩ ጋ የደረሰው ይመለሳል፤ የተገፋው ወንበር ይሳባል። የእጁ ባለቤት ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ ከዚያም ጥያቄ ያልሆነውን ጥያቄውን ይጀምራል።

ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። በወላጆች ስብሰባ ላይ አግኝታችሁታል፤ በመሥሪያ ቤት ግምገማ ላይ አግኝታችሁታል፤ ምናልባትም አጎታችሁ ነው። እኔ ግን የማውቀው የዘሩን አውራ ነው። ዘጠኝ ዓመት ባንድ ኮሪደር ሠርተናል።

እኔ ያኔ በአንድ ወታደራዊ ኮሌጅ የታሪክ ትምህርት ክፍል ሲቪል መምህር ነበርኩ። እሳቸው ሃምሳ አለቃ ነበሩ፤ የትምህርት ክፍሉን ካርታዎች የሚጠብቁ። ከአዛዡ እስከ በር ጥበቃው ድረስ የሚጠራቸው «ክቡር ማስተካከያ» እያለ ነው፤ በሌሉበት እርግጥ። ማዕረጉን የሰጧቸው ዕጩ መኮንኖቹ ናቸው። ምክንያቱም ሃምሳ አለቃ በሕይወታቸው አንድም ጥያቄ ጠይቀው አያውቁም። ሲነሱ የሚሉት ሁልጊዜ አንድ ነው፦

«ጥያቄ የለኝም። ትንሽ ማስተካከያ ብቻ።»

«ትንሽ» የሚለውን ቃል ዕጩ መኮንኖቹ በሰዓት ለክተውታል። አጭሩ ትንሽ አራት ደቂቃ ነው። ረጅሙ ትንሽ አርባ አንድ ደቂቃ ነበር፤ ስለ አንድ መድፍ ጎማ። ከመድፉ ጎማ በኋላ ልጆቹ ወደ ሴሚናር የሚመጡት ኪሳቸው ውስጥ የሚበላ ነገር ይዘው ሆነ።

ቀጭን፣ ረጅም፣ የሱሪያቸው መስመር ቲማቲም የሚቆርጥ ሰው ነበሩ። ጆሯቸው ላይ እርሳስ አይጠፋም። ቀኝ ክንዳቸው ከትከሻ በላይ ስለማይሄድ የሚያነሱት ግራ እጃቸውን ነው። ለምን እንደማይሄድ እኔ የታሪክ ምሁሩ፣ ዕድሜ ልኬን «ለምን» ብሎ መጠየቅን ሳስተምር የኖርኩት ሰውዬ፣ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም።

አንድ ጊዜ ከሩቅ ዩኒቨርሲቲ አንድ የተከበሩ ፕሮፌሰር ጋበዝን። ረጅም መጠቆሚያ ዱላ ይዘው ግድግዳው ላይ ባለው ካርታ አንድ ሰዓት ሙሉ ጦር ሲያዘምቱ ቆዩ። መጨረሻ ላይ ያ ግራ እጅ ተነሳ።

«ጥያቄ የለኝም። ትንሽ ማስተካከያ ብቻ። ፕሮፌሰሩ ጦሩ ወደ ሰሜን ዘመተ ብለዋል፤ ልክ ነው፣ ወደ ሰሜን ነው የዘመተው። ዱላዎ ግን ወደ ደቡብ ነው የሄደው።»

ፕሮፌሰሩ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ከዚያ በኋላ በጣታቸው እንኳ አልጠቆሙም።

የትምህርት ክፍላችን ጸሐፊ ስታገባ ሚዜው ተነስቶ ሙሽሮቹ በቤተ መጻሕፍት እንደተዋወቁ ተናገረ። እጅ! «ቤተ መጻሕፍት አይደለም፤ ካርታ ክፍል ነው። መዝገቤ ላይ ሁለቱም ፈርመዋል። ሙሽራው አንድ ካርታ ተውሶ ወጣ፤ እስከ ዛሬ አልመለሰም።» ሙሽራው በሳምንቱ ካርታውን መለሰ። ጥግ ጥጉ ላይ ልብ ተስሎበት ነበር አሉ።

የኮሌጁ አዛዥ ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ንግግር አድራጊው «ሠላሳ ዓመት ሲያገለግሉ አንድ ቀን እንኳ ያላረፈዱ» ብሎ እንባ አስመጣ። ሁላችንም ወደ አንድ ወንበር ዞርን። እውነትም ተነሱ። «አንድ ቀን አርፍደዋል» አሉ። «ዝናብ ነበር። መኪናቸውን ጭቃ ያዛት። የገፋሁት እኔ ነኝ።» አዛዡ ከመድረኩ ላይ ሆነው፣ «እውነቱን ነው፤ ጭቃው ሁሉ እሱ ላይ ነው የተረጨው፤ ይቅርታም አልጠየቅኩትም» አሉና ያኔውኑ ጠየቁ። ከንግግሮቹ ሁሉ ሰው የሚያስታውሰው እሱን ነው።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ኮሎኔል ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ችግራቸው አንድ ነው፣ ቁጥር ይወዳሉ። በዓመት ሁለት ጊዜ «የተከናወኑ ተግባራትና የተገኙ ውጤቶች» የሚል ሪፖርት ለበላይ ይልካሉ፤ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሴሚናር፣ ሰባት። የቀድሞ ጦር ሜዳ ጉብኝት፣ ሁለት። የጥንት የደንብ ልብስ አውደ ርዕይ፣ አንድ (ብል ከበላው ኮት ጋር)። ከሴሚናሮቹ ሥር ደግሞ ሁሌ አንድ ዓረፍተ ነገር አለች፦ «በተሳታፊዎች መካከል ሰፊና ጥልቅ ውይይት ተካሂዷል።» ሰፊውም ጥልቁም ሃምሳ አለቃ ነበሩ። ሌላው ተሳታፊ ሰዓቱን ነበር የሚያየው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። አንድ ዓመት ተናድጄ፣ በሴሚናር ላይ የሰጡትን ማስተካከያ ሁሉ ጽፌ ይዤ ከመዛግብት ጋር አመሳከርኩ። ላዋርዳቸው ፈልጌ ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ ልክ ሆኖ ተገኘ። አሥረኛው ስህተት ነበር፤ ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ግን በማግስቱ ራሳቸው ቢሮዬ መጡ። «መምህር፣ የሰኞው ማስተካከያ ላይ ትንሽ ማስተካከያ አለኝ።» ምን ታደርጉታላችሁ እንዲህ ያለውን ሰው?

ኮሌጁ ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላው መታሰቢያ መጽሐፍ እንድናወጣ ታዘዝን። ርዕሰ ጉዳዩ ከሠላሳ ዓመት በፊት በነበረው ጦርነት አንዱን ድልድይ ሦስት ቀን ይዞ ቆይቶ ያፈገፈገው ሻለቃ ጦር ነበር፤ ከኮሌጁ መሥራቾች ብዙዎቹ የዚያ ሻለቃ ሰዎች ናቸው። አራተኛው ምዕራፍ፣ የማፈግፈጉ ቀን፣ ለእኔ ደረሰኝ።

የሻለቃው የውሎ መዝገብ ላይ ስለዚያ ቀን አንድ አጭር መስመር አለች፦ «አንድ የጭነት መኪና ከነሹፌሩ መንታ መንገዱ ላይ ከሰልፉ ተነጥሏል፤ አልተመለሰም።» በቃ። ከጎኑ የሹፌሩ ስም ከነአባቱ። እኔ ይህችን መስመር አነበብኳትና ትንሽ ደረቀችብኝ። ስለዚህ አረጠብኳት። «ሌላው ሲዋደቅ እሱ ግን መሪውን ወደ ሌላ አዙሮ ጓዶቹን ጥሎ ሸሸ» ብዬ ጻፍኩ፤ ስሙንም ከነአባቱ አስቀመጥኩ። ማስረጃ አልነበረኝም። ዓረፍተ ነገሩ ግን ጥሩ ምት ነበረው።

መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት በአዳራሹ ተነብቦ ለአንድ ጄኔራል እንዲቀርብ ተወሰነ። የንባቡ ዕለት ጠዋት ኮሎኔሉ ኮሪደር ላይ ክንዴን ያዙኝ።

«ሰብሳቢው አንተ ነህ አይደል? ጄኔራሉ ስድስት ሰዓት ላይ ሌላ ስብሰባ አላቸው። ያንን ሰውዬ ዛሬ እንዳታስነሳብኝ።»

«ይተዉት ለእኔ» አልኳቸው።

ከየምዕራፉ እየመረጥኩ አነበብኩ። የሹፌሩ ገጽ ላይ ስደርስ፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ንባብ ሳያልቅ ያ ግራ እጅ ተነሳ። ቀስ ብሎ አይደለም፤ እሳት እንደነካው ሰው ነው። እኔ ዓይኔን ከእጁ በላይ ባለው መስኮት ላይ ተከልኩና ማንበቤን ቀጠልኩ። እጁ አልወረደም። ሲደክማቸው በቀኝ እጃቸው ክርኑን ከሥር ደገፉት። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደዚያ ቆዩ። መጨረሻ ላይ «ሰዓታችን ስላለቀ…» ስል አዳራሹ አጨበጨበ፤ ግማሹ ጭብጨባ ለመጽሐፉ ነው፣ ግማሹ ግን እሳቸውን ስላላስነሳሁ ለእኔ ነው። ኮሎኔሉ ትከሻዬን ጨበጥ አደረጉኝ። ያን ቀን ጎበዝ ነበርኩ።

በማግስቱ ሃምሳ አለቃ ቢሮዬ መጡ። ከማተሚያ ቤቱ ጋር ስለ ሽፋኑ ቀለም በስልክ እየተከራከርኩ ነበር። አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ቆሙ።

ስልኩን በመዳፌ አፍኜ፣ «ምንድነው ሃምሳ አለቃ?» አልኩ።

«ስለ አራተኛው ምዕራፍ ነው።»

«ለሁለተኛው እትም እናየዋለን፣ እሺ?»

«መምህር» አሉ፣ «ይሄ እንኳ ትንሽ አይደለም።»

«እሺ እሺ፤ ለሁለተኛው እትም።» ወረቀቱን ሳልፈታ «ለሁለተኛው እትም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ፋይል ውስጥ ከተትኩት። ፋይሉ ውስጥ ሌላ ምንም አልነበረም። ስከተው አይተው እንዲሄዱልኝ ብዬ ነው የፈጠርኩት። እሳቸው ተረከዛቸውን አጋጭተው ወጡ። ወታደር ናቸው፤ ይታያል ከተባሉ ይታያል ብለው ያምናሉ። ከዚያ በኋላ በኮሪደር ስንገናኝ ሁለት ጊዜ «እትሙ ደረሰ?» ብለውኛል። ሁለተኛው ላይ እንደውም ቀልጃለሁ። «ሃምሳ አለቃ፣ የመጀመሪያው ይሸጥ እንጂ!» ሳቅ አላሉም።

መጽሐፉ ወጣ። አምስት መቶ ቅጂ። በሪፖርቱ ላይ «የዓመቱ አንደኛ ውጤት» ሆኖ ተመዘገበ።

በአራተኛው ወር አንዲት ሴት መጣች። የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናት፤ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች ነው የመጣችው። መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛለች። ወንበር ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም። ጋዜጣውን ፈታች፤ ገጹን መፈለግ አላስፈለጋትም፣ ራሱ ተከፈተ።

«ይህንን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እህቴ።»

«ይሄ አባቴ ነው» አለች፣ ጣቷን ስሙ ላይ አድርጋ። «ሲሄድ የሁለት ወር ልጅ ነበርኩ። ጠፋ ነው የተባልነው። እናቴ ሠላሳ አንድ ዓመት በሩን ስታይ ኖራለች። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህንን አምጥታ አሳየችኝ። ሸሸ ትላላችሁ።»

ወንበሩን እንደገና ወደ እሷ ገፋሁት።

«እኔ ልጣላ አልመጣሁም» አለች። «ሸሽቶ ከሆነ በሕይወት አለ ማለት ነው። አድራሻውን ስጡኝ።»

እየዘለፈችኝ መስሎኝ ነበር። ቀና ብዬ ሳያት ግን ዘለፋ አልነበረም። እስኪሪብቶ ይዛለች። ልትጽፍ።

ምን እንዳልኳት በትክክል አላስታውስም፤ መዝገብ፣ ምንጭ፣ ማጣራት የሚሉ ቃላት ተናግሬያለሁ። የስልክ ቁጥሯን ትታልኝ ሄደች። በሩ ሲዘጋ ያንን ፋይል አወጣሁ። አራት ላይ የታጠፈው ወረቀት የካርታ ወረቀት ነበር፤ በእርሳስ፣ በቀጥ ያለ የካርታ ሰው ጽሕፈት። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «አሥራ አንድ ቁስለኞች ነበርን።»

ነበርን።

ወደ ካርታ ክፍል ስገባ ሃምሳ አለቃ አንድ የተቀደደ ካርታ በጨርቅ እየደገፉ ይለጥፉ ነበር። ወረቀቱን በእጄ ሲያዩ ብሩሻቸውን አስቀመጡ።

«መኪናው ላይ ነበሩ?» አልኳቸው።

«ነበርኩ።» ቀኝ ትከሻቸውን በግራቸው ነካ አደረጉ። «መንታ መንገዱ ላይ ሐኪሙ ነው ያዘዘው። ‹በዋናው መንገድ ከሄዱ አይደርሱም፤ በወፍጮው መንገድ ውሰዳቸው› አለው። መዝገብ ጸሐፊው ከፊት ነበር፤ አልሰማም። ሹፌሩ ሆስፒታሉ በር ላይ አወረደን፤ አሥራ አንዳችንንም፣ አንድ በአንድ። ከዚያ ሞተሩን አስነሳ። ‹አትመለስ› አሉት። ‹ሰው ቀርቶብኛል› አለና ሄደ።»

«ለማንም አልተናገሩም?»

«አልጋ ላይ ሆኜ አንድ መኮንን መጥቶ ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ ጻፈው። እኔም ከተጻፈ አለቀ ብዬ ተውኩት።» ብሩሻቸውን መልሰው አነሱና፣ «የት እንደጻፈው አላውቅም» አሉ።

«እና ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ ለምን አልጮሁም? ለምን ተነስተው…»

አዩኝ። በቁጣ አይደለም። አንድ መምህር ቀላል ጥያቄ የሳተ ተማሪውን እንደሚያይ ነው።

«ሰብሳቢው እርስዎ ነበሩ» አሉ።

አብረን ኮሎኔሉ ጋ ሄድን። ኮሎኔሉ ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት፤ ሁለተኛው ላይ መነጽራቸውን አወለቁ። «መጽሐፉን መሰብሰብ አልችልም» አሉ በመጨረሻ። «የዓመቱ አንደኛ ውጤት ነው ብዬ ፈርሜበታለሁ። አሁን አንደኛው ውጤቴ ስህተት አለበት ብዬ ልጻፍ?»

ሃምሳ አለቃ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ክቡር ኮሎኔል፣ እርስዎ ምንም አይጻፉ። የእርማት ወረቀት ይፈቀድልን፤ እኛ እንለጥፋለን።»

«አምስት መቶ ቅጂ ላይ?»

«የተገኘው ላይ።»

የእርማቱን ጽሑፍ ለማዘጋጀት አንድ ሙሉ ከሰዓት ተጨቃጨቅን። እኔ፣ ጥፋቴን በጌጥ ላካክስ ፈልጌ መሆን አለበት፣ «በጀግንነት ተሰዋ» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዙት።

«ሲሰዋ አላየሁም» አሉ። «ያየሁት ወደ ኋላ ሲነዳ ነው። ያየሁትን ይጻፉ።»

እንዲህ ሆኖ ቀረ፦ «በዚህ ገጽ የተጻፈው ስህተት ነው። ሹፌሩ በሐኪም ትዕዛዝ አሥራ አንድ ቁስለኞችን በወፍጮው መንገድ ሆስፒታል አድርሷል። የቀሩትን ለማምጣት ወደ ድልድዩ ተመልሶ ሄዷል። ከዚያ በኋላ አልታየም።» ምንም ምት የለውም። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ እሱ ይሻላል፤ የጻፍኩትም እኔ አይደለሁም።

ሦስት ወር ሙሉ ለጠፍን። በቤተ መጻሕፍት፣ በጦር ሰፈር፣ በጡረተኞች ክበብ፣ በግለሰብ ቤት። እኔ ገጹ ውስጥ ሸጎጥ አድርገን እንሂድ ብል ሃምሳ አለቃ እምቢ አሉ፤ «የተሸጎጠ ይወድቃል» እያሉ ሙጫውን በብሩሽ፣ አራቱንም ጠርዝ፣ ከዚያ በክርናቸው ጫን ጫን። የጡረተኞች ክበብ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሻለቃ «መጽሐፌን ምን እያረጋችሁት ነው?» ብለው ጮኹብን። ሃምሳ አለቃ አስረዷቸው፤ አሥራ ስምንት ደቂቃ ፈጀ። ሻለቃው አዳምጠው ሲያበቁ ሁለተኛ ቅጂ ከመደርደሪያ አውርደው «ይሄም አለ፤ ልጄ ጋም አንድ አለ» አሉን።

አራት መቶ ሠላሳ ሁለት አገኘን። ስልሳ ስምንቱ የት እንዳሉ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንድ ቦታ፣ አንድ መደርደሪያ ላይ፣ ያ ሰው ዛሬም በእኔ ቃል ይሸሻል። ኮሎኔሉ በበኩላቸው ሥራችንን በሚቀጥለው ሪፖርት አስገብተውታል፦ «የኅትመት ስርጭት ክትትል፣ አንድ።»

መጨረሻ ላይ ለልጅቷ ደወልኩና ሁለታችንም እናቷ ቤት ሄድን። አንድ ክፍል ናት፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ መስኮቱ ላይ በቆርቆሮ የተተከለ አበባ። ልጅቷ እርማቱን ቆማ አነበበችላቸው። እናትየው ጭናቸው ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ሰሙ። አላለቀሱም። ሲያልቅ «ድገሚው» አሉ፤ ደገመችው። ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሃምሳ አለቃ ዞሩ።

«አንተ ነህ ያየኸው ወንድሜ?»

«እኔ ነኝ፣ እህቴ።»

«በርዶት ነበር?»

ሃምሳ አለቃ የግራ እጃቸውን ጣቶች አዩ።

«ሹራብ ሠርቼለት ነበር» አሉ እናትየው። «አረንጓዴ። መሥራት ገና መማሬ ነበር፤ አንዱ እጅጌ ከአንዱ በለጠ። ‹ሰው ይስቅብሃል አትልበሰው› ብዬው ነበር። ይዞት ሄደ። ያን ቀን ለብሶት ነበር?»

«ለብሶት ነበር» አሉ ሃምሳ አለቃ። ከዚያም፣ ልማድ ነውና፣ አስከትለው፦ «ግራው ነው የረዘመው።»

እናትየው አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። ልጅቷ እናቷን አየች። «ግራው ነው?» አለቻቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት፤ ግን እያለቀሱ ይስቁ ነበር። «ግራው ነው፤ አዎ ግራው ነው፤ ሁለቴ ፈትቼ ሠርቼው እንኳ እምቢ አለኝ» ይላሉ።

ስንወጣ እጄን ጨበጡኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት «ደህና ሁን ልጄ» አሉኝ። ያቺን ይቅርታ ሳልጠይቅ ወጣሁ። በኋላ ደብዳቤ ጽፌላቸዋለሁ፤ በደብዳቤ ግን አንድ አይደለም።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የከነከነኝ ነገር ነበር።

«ሃምሳ አለቃ» አልኳቸው፣ «በዚያ ሁሉ ትርምስ፣ እርስዎ ቆስለው፣ የሰው እጅጌ መርዘሙን እንዴት አስተዋሉ?»

መስኮቱን ነበር የሚያዩት።

«እኔ ነኝ የለበስኩት» አሉ።

«እንዴት?»

«ደም ፈሶኝ እንቀጠቀጥ ነበር። አወለቀና አለበሰኝ። እሱ በሸሚዝ ነው የነዳው። የግራው እጅጌ ጣቶቼን አልፎ ይንጠለጠል ነበር፤ መንገዱን ሙሉ እሱን እያየሁ ነው የሄድኩት። ሆስፒታል ውስጥ በመቀስ ቀደዱት።»

«ግን ለብሶት ነበር አሏቸው።»

«ለብሶት ነበር። እስከ መቼ ብለው አልጠየቁኝም።»

«ቢነግሯቸው እኮ ደስ ይላቸው ነበር። ለቁስለኛ አውልቆ መስጠቱ…»

ሃምሳ አለቃ እርሳሱን ከጆሯቸው አውርደው በጣታቸው አዟዟሩት። አንድን ነገር ልክ አድርገው ለማስቀመጥ ሲፈልጉ እንዲያ ነው።

«ለእኔ አልነበረም የሠሩት፣ መምህር» አሉ።

ፌርማታዬን አለፍኩት። እስከ መጨረሻው አብሬያቸው ሄድኩ። የነገሩኝ ነገር ሁሉ አዲስ ነበር፤ ስለ ሆስፒታሉ፣ አብረዋቸው ስለተኙት፣ ከአሥራ አንዱ ስንቱ እንደዳነ። ሹፌሩ የጭነቱን ጣውላ እየመታ «አላችሁ?» ሲላቸው «አለን» እያሉ በየተራ ይመልሱለት እንደነበር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ፣ እስኪጨርሱ ቁጭ ብዬ ያዳመጥኳቸው ያን ቀን ነው።

ወድጄያቸው ነበር። ያን ጊዜ ግን አላወቅኩትም፤ ሲነሱ ከሁሉም ጋር «ኡፍ» የምል እኔ ነበርኩ። በዓመቱ ጡረታ ወጡ። በመሰነባበቻው ላይ ንግግር አድራጊው ከአገልግሎት ዘመናቸው ሁለት ዓመት ቀነሰባቸው፤ ሁላችንም ወደሳቸው ዞርን፤ እሳቸው ግን ፈገግ ብለው እንደተቀመጡ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ሴሚናሮቻችን በሰዓቱ ያልቁ ጀመር። ከዚያ በፊት ነው ሰው ይማርበት የነበረው።

ቤታቸው እንድሄድ ሁለት ጊዜ ደውለው ጠርተውኛል። አንዱን «ለሚቀጥለው ሳምንት» አልኳቸው፤ አንዱን ደግሞ እሄዳለሁ ብዬ ቀረሁ። ምን አስቸኩሎኝ እንደነበር ዛሬ ላስታውስ ብሞክር አልቻልኩም። ቤታቸውን ያየሁት ለለቅሶ ስሄድ ነው። ባለቤታቸው በር ላይ ተቀብለውኝ ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው፣ «እርስዎ ነዎት እንዴ መምህሩ?» አሉኝ። «ይመጣል ብሎ ወንበር ይዞልዎት ነበር።»